የጠፋብኝ ስም

በፍራንክፈርት፣ በአንድ የጥናት ክፍል፣ ጀርመኖች «ሺ እግር» የሚሉትን፣ ከአፍሪካ ተራራማ ደን የተሰበሰበ ፍጥረት በማጉያ መነጽር አየሁ። ባልደረባዬ፣ «የብዙዎቹ ዝርያ በቀለም አይለይም፤ የሚለየው በወንዱ ሰባተኛ የሰውነት ቀለበት ላይ ለመራቢያነት በተለወጡት እግሮች ነው» ሲል አስረዳኝ። ቀጥሎም፣ «በአገርህ ምን ይሉታል?» አለኝ።

ዝም አልሁ። በልጅነቴ ከክረምት ዝናብ በኋላ፣ ስነካው ሲጠቀለል አይቼዋለሁ፤ ስሙ ግን ከአፌ ጠፋ።

የዚህችው ከተማ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ጭላዳን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ፣ የአገሬውን መጠሪያ ይዞ «ገላዳ» ብሎ ጻፈው። ባዕዱ የጠበቀውን እኔ ባለቤቱ ጣልሁ!

ያን ማታ ለእናቴ ጻፍሁላት፤ ሰላምታዬን አስቀድሜ የዚያን ፍጥረት ስም ጠየቅኋት። ወገኖቼ፣ እናንተስ ታስታውሳላችሁን?