«እዚህ ጀምሯል»

ክረምት ሲቃረብ ዶርም ውስጥ የሚወራው ይታወቃል። አንዱ ሐዋሳ እሄዳለሁ ይላል፣ ሌላው አዲስ አበባ ዘመድ ጋ። ፊልም የሚያበዛው ጓደኛችን ደግሞ ተራራ ላይ ያለች የእንጨት ቤት ተከራይቶ፣ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ዝናብ ማየት ነው ምኞቱ። እኔ ይህን ሁሉ አንድ ብር ሳልከፍል ከልጅነቴ ጀምሮ ኖሬዋለሁ ብለው ሳቀብኝ። እውነቴን ነው። ቤቷ የእንጨት ናት፣ ጭቃ ተመረገች እንጂ። እሳትም አላት። ዝናቡማ አይነገርም።

ያደግሁት ከወረታ ወደ ጣና በሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ ጉማራ ወንዝ አጠገብ ነው። ትምህርት ሲዘጋ እናቴ ታላቅ እህቷ ጋ ትልከኝ ነበር። ሜዳው በክረምት ለልጅ አይሆንም፣ ውሃው አለ፣ ወባው አለ ትላለች። የአክስቴ ቤት ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው መንገድ ዓለም በርን አልፎ፣ ዓለም ሳጋ ደን ባሻገር የሚታይበት ጉብታ ላይ ናት። ከመኪና ተወርዶ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ያስኬዳል፤ ጭቃ ከሆነ ሁለት ሰዓት በሉት።

እኛ ቤት ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ወሬ ይቆማል፣ ሬዲዮ ይዘጋል፣ በእጅ ምልክት ነው የምንግባባው። አክስቴ ቤት ግን ወሬ የሚጀመረው ዝናብ ሲመጣ ነው። የሣር ክዳን ድምፁን ይውጠዋል። ውጭ ዶፍ እየወረደ ውስጥ የምትሰሙት አንድ ወጥ ሹክሹክታና ከጠርዙ የሚንጠባጠበውን ብቻ ነው። ጠዋት ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ጥርት ይላል፤ ያን ጊዜ ቁልቁል ሜዳው፣ ከሜዳው ወዲያ ጣና ይታያል። ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል ከጉና በኩል ይጠቁራል። የአክስቴ ልጅ ገሳውን ደርቦ ጥጆቹን ያስገባል፣ እኔም ተከትዬው እሮጣለሁ፣ በሩ ይዘጋል፣ በቃ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ሥራ የለም። እንደው ለተማሪ ከዚህ በላይ ምን እረፍት አለ?

ነሐሴ ፍልሰታ ስለሆነ ወተት የለም። ድንች ግን አለ። አዲስ ድንች ከነቆዳው ትኩስ አመድ ውስጥ ይቀበራል፣ አክስቴ እየፈተለች በእንጨት ትቆሰቁሰዋለች፣ ሲፈነዳ ይወጣል። ጣታችንን እያቃጠለን በአዋዜ እንበላለን። ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ማንም ግን በሩን ክፈቱ አይልም። መሬቱ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ሠርተን ገበጣ እንጫወታለን። ዝናቡ ጋብ ሲል የቡሄ ጅራፍ ይጀመራል፤ ጉሙ ውስጥ ሰው ሳይታይ ከአንዱ ኮረብታ ሲጮህ ከሌላው ይመለሳል። የማን ጅራፍ እንደሆነ በድምፁ የሚለይ ልጅ ነበር።

አንድ ነገር ግን ይህን ሁሉ ያቋርጠው ነበር። ካፊያ ከሆነ አክስቴ ከመቀመጫዋ አትነሳም። ዝናቡ ከብዶ ወደ ማታ ከቀጠለ ግን እንዝርቷን ታስቀምጥና ጆንያ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ትወጣለች። ስልክ የሚይዘው ከቤቱ በላይ ያለው ቋጥኝ ላይ ብቻ ነው። አንዳንዴ እኔ ኩራዙን በእጄ ከልዬ እከተላታለሁ። እናቴ ስታነሳ ሰላምታው እንኳ አጭር ነው።

«እዚህ ጀምሯል። ከብዷል። ከብቱን ወደ ከፍታው አውጪ፣ እህሉንም ቆጥ ላይ ስቀሉት።»

«እሺ እትዬ። ልጁ በላ?»

«በላ፣ በላ። ዝጊ፣ ብር ይበላል።»

ጉማራም ርብም የሚነሱት ከጉና ነው። ጉና ከ4100 ሜትር በላይ፣ ሜዳው 1800 ገደማ ነው። ቁልቁለቱን እየተንደረደረ የመጣ ውሃ ሜዳው ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣል፤ በዚያ ላይ በክረምቱ መጨረሻ ጣና ራሱ ስለሚሞላ ወንዙን እንደልቡ አይቀበለውም። ስለዚህ እኛ ቤት ጠብ ሳይል ውሃ ሌሊት ሊመጣ ይችላል። መምህራችን ተራራ እንዴት ዝናብ እንደሚያስነሳ ሰሌዳ ላይ ሲያስረዱን፣ እኔ በሐሳቤ ከሥዕሉ ግርጌ እናቴን ከብት ስትነዳ አስቀምጫት ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋንና ኦሞን ጎርፍ ሲመታ እኛም አገር ፎገራና ሊቦ ከምከም ተጥለቅልቆ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። እኔ ያኔ እቅፍ ነበርኩ። እናቴ እንደምትለው ያን ጊዜ ስልክ አልነበራቸውም፤ ውሃው መምጣቱን የነገራቸው የውሻ ጩኸት ነው። ከዚያ በኋላ እጃቸው ላይ ስልክ እንደገባ እህትማማቾቹ ይህን ልማድ ጀመሩ። ማንም አላስተማራቸውም።

ታዲያ እናቴ ዝናብ ትጠላለች እንዳትሉ። ውሃ የሚተኛበት መሬታችን ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝ ለምዷል፤ እንጀራችን ራሱ ጤፍና ሩዝ ቅልቅል ነው። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። በ2007 ዓ.ም. ኤልኒኖ በአገሪቱ ብዙ ቦታ ዝናቡን ሲያሳጥረው፣ እናቴ ማታ ማታ ወደ ላይ ትደውል ነበር፦ «እናንተ ጋስ የለም?» እያለች። ከጎርፉ ዓመት ይልቅ ያን ዓመት ፊቷ ከፍቶ አይቻለሁ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤት ከመጋቢት ጀምሮ ስላዘጋ አክስቴ ጋ ከወትሮው በላይ ቆየሁ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት የጀመረው ዝናብ እራት ሰዓት አልፎም አላባራም። አክስቴ ሦስት ጊዜ ቋጥኙ ላይ ወጣች፤ ሦስቱንም ጊዜ መስመሩ የለም። አራተኛው ላይ እኔ ስልኩን ይዤ ዛፉ ላይ ወጣሁ፣ ጠራ። «እዚህ ጀምሯል» ልል ስል እናቴ ቀድማኝ «አውቄያለሁ፣ ጉማራ እየጮኸ ነው፣ ከብቱን እየነዳን ነው» አለችና ተዘጋ። ተመልሰን እሳት ዳር ተቀመጥን። ገበጣ የሚጫወት የለም። ክዳኑ ያው እንደተለመደው ያንሾካሹካል፣ ጋቢው ይሞቃል፣ ድንቹ ይሸታል። እውነት ለመናገር ደስ ይል ነበር። ደስ ማለቱ ነው ያስፈራኝ። አክስቴ ፊቴን አይታ መሰለኝ «ብላ ልጄ፤ አንተ ባትበላ ውሃው አይጎድል» አለች። በላሁ። እሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንዝርቱን አላስቀመጠችም።

ሊነጋ ሲል ጋብ አለ። ቋጥኙ ላይ ሆነን ቁልቁል ስናይ ሜዳው የለም፤ ጣና ወደ እኛ የተጠጋ ይመስላል። ስልኩ የጠራው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ውሃው በረቱ ጥግ ደርሶ ቆሟል። አንዲት ጥጃ ሄዳለች። የጎረቤት ጎተራ ፈርሷል። የእኛ ሩዝ እስከ አንገቱ ጠጥቷል፣ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ካልተኛበት ይተርፋል አለች እናቴ። ድምፇ ተዘግቶ ነበር። ቀጥላም ልጁን ድንች አሸክመሽ ላኪልኝ፣ ማገዶው ርሷል፣ ቶሎ የሚበስል ይሁን አለች።

አክስቴ አንድ ጆንያ ሞላች። ወረታ የሚወርድ መኪና ያገኘሁት በሦስተኛው ቀን ነው።