ጳጉሜን 6 በየትኛው ቀን ይውላል?

ስልካችን ላይ ባለው ካላንደር «በየዓመቱ ድገመው» ብለን ልናስገባው የማንችለው ቀን አለ። ጳጉሜን 6። በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ይመጣል፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ የለም። በዚህ ቀን የተወለደ ሰው መቀለጃ ነው፤ «አንተ እኮ ገና አምስት ዓመትህ ነው» ይሉታል። እኔ ግን ስለዚህ ቀን ማሰብ የጀመርኩት በልደት ምክንያት አይደለም። አባዬ ያረፈው ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው።

በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11፣ 2019 ማለት ነው። ረቡዕ።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ቡድናችን የሚሠራው ደግሞ የቀጠሮ ሲስተም ነው፤ ሰው ቀን ይመርጣል፣ ሰዓት ይመርጣል፣ ማስታወሻ ይደርሰዋል፣ በቃ። አዲስ አበባ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ የማስበው ስለ ቀጠሮ ነው። ያደግኩት ግን መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቀጠሮ የሚያዘው በሌላ መንገድ ነው።

እማዬ «በ13 እንገናኝ» አትልም። «በሚካኤል ማግስት» ነው የምትለው። ብድር የሚመለሰው «ለማርያም» ነው፣ ሽማግሌ የሚላከው «ከባለወልድ በኋላ» ነው፣ ወደ ከተማ የሚወጣው «በገበያው ቀን» ነው። ከተማ ያደገ ሰው ይሄን ሲሰማ ግምታዊ አነጋገር ይመስለዋል። አይደለም። የኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ ሚካኤል ሁሌም 12 ነው፣ ማርያም 21፣ ባለወልድ 29። ቁጥሩ ስሙ ውስጥ አለ። ስሙ ደግሞ ከቁጥር የሚበልጥ ሥራ ይሠራል፤ በሚካኤል ማግስት የተቀጣጠሩ ሁለት ሰዎች ትናንት ቤተ ክርስቲያን ተያይተዋል፤ ስለዚህ «ረሳሁት» የሚባል ነገር አይሠራም።

ቀን ጨርሶ የሌለው ቀጠሮም አለ። የጓሳን ምድር የምታውቁት በጭላዳና በቀይ ቀበሮ ይሆናል። ለኛ ግን ጓሳ መጀመሪያ ሣር ነው፤ የቤት ክዳን። ድሮ «ቀሮ» በሚባለው ሥርዓት አካባቢው በአንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። የሚከፈተው ሣሩ ሲደርስ ነው። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ማኅበረሰቡ በኋላ ጥበቃውን በራሱ መንገድ መልሶ አቋቋመ። በኛ በኮድ ጸሐፊዎቹ ቋንቋ ይሄ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ተነሣ» የሚባል ትእዛዝ አይደለም፤ «ይሄ ነገር ሲሆን ተነሣ» የሚባል ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ብዙ ፕሮግራመር ያስቸግራል። መንዝ ከሶፍትዌር በፊት ሲሠራበት ኖሯል።

ይሄን ሁሉ የምላችሁ የአገሬን ሰው ለማሞገስ አይደለም። በዚህና በስልኩ መሐል ባለው ልዩነት ምክንያት እናቴና ታላቅ ወንድሜ ሁለት ዓመት ተኮራርፈዋል።

አባዬ ሲያርፍ እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ክረምቱን ቤት ነበርኩ። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው። የቀበርነው በማግስቱ፣ መስከረም 1 ቀን 2012 ነው። ከመቃብር ስንመለስ የጎረቤት ልጆች አበባ ይዘው ቆመዋል፤ ይዝፈኑ ይተዉ አላወቁም። እማዬ ናት ጠርታ ዳቦ የሰጠቻቸው።

ወንድሜ ያኔም አሁንም ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሌሊት ይሠራል። የእኛ የቀን 8 ሰዓት ለእሱ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፤ በነሱ አቆጣጠር 7፡00። መርዶውን የሰማው ከሥራ ሲወጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሴፕቴምበር 11 ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ባንዲራው ዝቅ ብሎ ነው የሚውለው። ወንድሜ ያን ቀን ያየውን ባንዲራ ሁሉ ለአባዬ የተደረገ መስሎት እያለቀሰ ቤቱ ገባ። በኋላ የነገረኝ እሱ ነው።

የቤተሰብ ካላንደር የከፈተልንም እሱ ነው። አምስት ልጆች ነን፤ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ አሜሪካ ተበትነናል። የማን ልጅ መቼ እንደሚጠመቅ፣ እማዬ ለግፊቷ መቼ ሐኪም ዘንድ እንደምትሄድ፣ ማን ይዟት እንደሚሄድ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ሰፈረ። እውነት ለመናገር ጠቅሞናል። «እኔ መስሎኝ አንቺ የምትወስጃት» የሚባለው ጭቅጭቅ ቀርቷል። የአባዬን ሙት ዓመትም አስገባው፤ ሴፕቴምበር 11፣ በየዓመቱ።

አንድ ዓመት ሞላ። የሉቃስ ዓመት ካልሆነ ሴፕቴምበር 11 እንቁጣጣሽ ነው። መስከረም 1 ቀን 2013 ጠዋት፣ ሁላችንም «እንኳን አደረሰህ» እየተባባልን፣ ስልኮቻችን ላይ አንድ መልእክት ብቅ አለ፤ «ዛሬ፦ የአባዬ ሙት ዓመት»። ወንድሜ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ፣ ሻማ አብርቶ፣ ሊያለቅስ ተዘጋጅቶ ደወለ። እማዬ በደስታ ድምፅ አነሣችው። እሷ የባሏን ሙት ዓመት በዋዜማው፣ ጳጉሜን 5፣ የንስሐ አባታችንን ጠርታ፣ ጠላና ዳቦ አቅርባ፣ ጎረቤቱን አብልታ ጨርሳለች።

«ያለ እኔ?» አላት።

«ልጄ፣ ቀኑ አለፈ እኮ» አለችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዝርዝሩን ልተወው። እሱ እንደተናቀ ቆጠረው፤ እሷ ደግሞ በዓመት መባቻ አልቅሶ ቤቱን ሟርት አገባበት ብላ ተቀየመችው። በሁለተኛው ዓመት ያው ተደገመ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ለዚህ ነው መሐል መግባት ያቃተኝ። አባዬ የሞተው በወንድሜ ካላንደር ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ያ ቀን በየዓመቱ ይመጣል፣ ባንዲራውም በየዓመቱ ዝቅ ይላል። በእማዬ አቆጣጠር ደግሞ ያ ቀን ሌላ ነገር ነው።

በዚያ ሰሞን ነው ለሥራ ብዬ አንድ ሰነድ ያነበብኩት። ካላንደሮች እርስ በርስ የሚግባቡበት ደንብ አላቸው፤ አይካላንደር ይባላል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ሰነዱ፣ አርኤፍሲ 5545፣ የሚቆጥረው በግሪጎሪያን ብቻ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 7529 የሚባል ተጨማሪ ወጣለት፤ በሌሎች አቆጣጠሮች የሚደጋገሙ ቀኖችን ለመጻፍ። ምሳሌዎቹን እያየሁ ስወርድ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የኛ 13ኛ ወር። ከሴፕቴምበር 6፣ 2013 የሚጀምር፣ ማለትም ከጳጉሜን 1 ቀን 2005።

ይበልጥ ያስቆመኝ ግን «ስኪፕ» የሚለው ክፍል ነው። አንድ የሚደጋገም ቀን በዚያ ዓመት ከሌለ ምን ይደረግ? ሰነዱ ሦስት ምርጫ ይሰጣል። «ኦሚት»፤ ዝለለው፣ በዚያ ዓመት አይኑር። «ፎርዋርድ»፤ ወደሚቀጥለው ቀን ግፋው። «ባክዋርድ»፤ ወደ ቀደመው ቀን መልሰው። ምንም ካልተባለ የሚሠራው የመጀመሪያው ነው። ዝም ካልከው ይዘለላል።

ደንቡ ስላለ ሁሉም ካላንደር ይሠራበታል ማለት አይደለም። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። የቤታችንን ጠብ ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል። ወንድሜ ሳያውቀው ፎርዋርድ ነው፤ አባዬን ወደ እንቁጣጣሽ ገፍቶታል። እማዬ ባክዋርድ ናት። ሰነዱ የትኛው ትክክል እንደሆነ አይናገርም፤ ሊናገርም አይችልም። ቀኑን የሚያውቅ ሰው መወሰን አለበት።

ስለዚህ ደወልኩና ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ለምንድን ነው በ5 የምታደርጊው? የሞተው በ6 ነው፤ ከ6 ቀጥሎ ያለው 1 ነው።»

«በ5 ማን አለህ?» አለችኝ። «በዋዜማው ነው የማደርገው። አባትህ ዓመቱን ጨርሶ ነው የሄደ። እንቁጣጣሽ የልጆች ነው፤ ምን አደረጉና ይለቀስባቸዋል?»

አያችሁ፣ እሷ ጭራሽ ቁጥር አልያዘችም። የያዘችው ዝምድና ነው፤ የዓመቱ መጨረሻ ቀን። ጳጉሜን 5 ብትሆን 6 ብትሆን የዓመቱ መጨረሻ ሁሌም አለ። ለእሷ የጎደለ ዓመት የለም፣ የሚዘለል ቀን የለም። እኔ በሦስት ምርጫ የማየው ችግር እሷ ዘንድ አልተፈጠረም።

ለወንድሜ ይሄንኑ ጻፍኩለት። ቶሎ አልመለሰም። ከሳምንት በኋላ «የልጆች ነው አለች?» ብሎ ብቻ መለሰ። የቀብሩ ዕለት አበባ ይዘው ስለቆሙት ልጆች ያኔ ነው የነገርኩት፤ እሱ አልነበረማ። በሚቀጥለው ጳጉሜን 5 ጠዋት ደወለ። እማዬ ጸበል ጸዲቁን የምታቀርበው በ3 ሰዓት ነው፤ ለእሱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ከሥራ እረፍት ወጥቶ ነው የደወለው።

ከዚያ 2015 መጣ፣ ዘመነ ሉቃስ። አባዬ ከሞተ ወዲህ ጳጉሜን 6 ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመለስ ነው፤ ሴፕቴምበር 11፣ 2023፣ ሰኞ። የእማዬ ቀንና የወንድሜ ቀን አንድ ላይ ይውላሉ። ሁላችንም መንዝ ለመገናኘት ከወራት በፊት ቀጠሮ ይዘን ነበር፤ ወንድሜም ይመጣል፤ ካላንደሩ ላይ አምስት «እመጣለሁ» አለ። እማዬን ስንጠይቃት «እግዚአብሔር ካለ» ነበር ያለችው። ካላንደሩ «አዎ»፣ «አይ» እና «ምናልባት» ነው ያለው፤ የእሷ መልስ ከሦስቱም አይደለም።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የእኛም ጉዞ ቀረ።

ጳጉሜን 6 ጠዋት ማስታወሻው በሰዓቱ መጣ፣ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፤ ኢንተርኔት ባለበት ሁሉ። መንዝ ግን ስልክ አይነሣም። ወንድሜ ሌሊቱን ሲሞክር አደረ። እኔ ያገኘኋት መስከረም 3 ነው፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

«አደረግነው» አለችኝ። «ሰዉ መጣ።»

«ማን ጠራቸው?»

«ማን ይጠራቸዋል? ዋዜማ አይደል? ያውቁታል።»

አባዬ ከሞተ ወዲህ የቀበሌያችን ሰው ያን ቀን በእሱ ስም ነው የሚያውቀው። የእኛን ካላንደር የያዘው ኢንተርኔት ነበር፤ የእሷን የያዙት ጎረቤቶቿ ናቸው። የእኛው ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም፤ የግፊት መድኃኒቷን ቀን እስከ ዛሬ የሚይዝልን እሱ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሥራ ቦታ አንድ ሰው «ቀኑን ሲስተሙ ይያዘው» ሲል፣ ሲስተሙ በማይኖርበት ቀን ማን እንደሚይዘው እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ መልስ የለም፤ ቢያንስ በወረቀት የሚታተም የቀጠሮ ካርድ እንዲኖረን ያደረግነው በዚህ ጥያቄ ነው። ካርዱ ላይ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል፣ ሰዓቱ «ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል፣ ከሥር ደግሞ የበዓሉ ስም ይታተማል። ካርዱን ሲያዩ ከሁሉ በፊት የሚያነቡት የመጨረሻዋን መስመር ነው።

ለቤተሰቡ ደግሞ ትንሽ ኮድ ጻፍኩ። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍለህ ሦስት ከቀረ ሉቃስ ነው፣ የዓመቱ መጨረሻ 6 ነው፤ ካልሆነ 5። በየዓመቱ «የአባዬ ዋዜማ» ብሎ ያስገባል። ወንድሜ ሴፕቴምበር 11ን ማጥፋት አልፈለገም፤ እኛም አላስገደድነውም። የእሱ የብቻው ሆኖ ተቀምጧል። በሦስቱ ዓመት ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ በአራተኛው አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል።

የሚቀጥለው መደራረብ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ነው፤ ሴፕቴምበር 11፣ 2027፣ ቅዳሜ። ግብዣውን ልኬያለሁ። ወንድሜ «አዎ» ብሏል፤ ከሥሩም በራሱ እጅ «እግዚአብሔር ካለ» ብሎ ጽፎበታል።