የማን ልጅ ነው?



በዚህ ዘመን ብዙ ወጣቶቻችን ሥዕል ለመሥራት ብሩሽ አያነሡም፤ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። የሚፈልጉትን በቃላት ሲገልጹለት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥዕሉን ሠርቶ ያቀርብላቸዋል። የሚጽፉትን መግለጫ «ፕሮምፕት» ይሉታል። አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ ኋላም ይሠራል፦ ፎቶ ስታስገቡለት ተመልክቶ ቃላቱን ራሱ ይጽፍላችኋል። ለምሳሌ ሚድጆርኒ የተባለው ፕሮግራም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ምስል ሲሰጠው አራት መግለጫዎች ያወጣል። ከአራቱ አንዱን መርጣችሁ መልሳችሁ ስትሰጡት አዲስ ሥዕል ይሠራላችኋል።

የአጥቢያችን የሚዲያ አገልጋዮች በዚህ መንገድ ለሕፃናት ትምህርት የሚሆኑ ሥዕሎችና የጉባኤ ማስታወቂያዎች ይሠራሉ። መሣሪያ ነውና አልከለከልኳቸውም። አሠራሩን ሲያስረዱኝ ግን አንድ ነገር በልቤ ቀረ።

ማሽኑ ፎቶን እንደ እኛ አያይም። በ2021 እ.ኤ.አ. ኦፕንኤአይ የተባለው ድርጅት ክሊፕ የተሰኘ ሞዴል ይፋ አደረገ። ሞዴሉ የሠለጠነው ከኢንተርኔት በተሰበሰቡ 400 ሚሊዮን ምስሎችና አብረዋቸው በተገኙ ጽሑፎች ነው። የትኛው ቃል ከየትኛው ምስል ጋር እንደሚሄድ ከዚያ ተማረ። ከፎቶ ቃል የሚያወጡ መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚህ ዓይነት ዕውቀት ነው። ስለዚህ የማሽኑ ጥያቄ «ይህ ከምን ጋር ይመሳሰላል?» የሚል ነው፤ «ይህ ማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። መልሱም ለብዙ ሰው የሚሆን ቃል ነው። ከዚያ ቃል ብቻ አዲስ ሥዕል ሲሠራ ዋናው ፎቶ በኋላ ይቀራል፤ የሚሻገሩት ቃላቱ ብቻ ናቸው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዓይኔ ያየሁት በአንዲት እናት ቤት ነው። ልጃቸው በስደት ላይ ሳለ አረፈ፤ አስከሬኑም አልመጣም። በእጃቸው የቀረው አንድ ጉርድ ፎቶ ነው፤ እሱም መሐሉ ላይ ታጥፎ ተሰንጥቋል። ከሚዲያ አገልጋዮቹ አንዱ ሊያጽናናቸው ፈልጎ ፎቶውን በስልኩ አንሥቶ ለአንድ መተግበሪያ ሰጠው። የወጣው መግለጫ በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነበር፦ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አፍሪካዊ ወጣት፣ አጭር ጥቁር ጸጉር፣ ለስላሳ ፈገግታ፣ የስቱዲዮ ብርሃን፣ ከፍተኛ ጥራት። ከቃላቱ አንዱም ውሸት አልነበረም። በዚያ መግለጫ አዲስ ምስል አሠርቶ፣ በፍሬም አድርጎ ሲወስድላቸው አብሬው ሄድኩ።

እናታችን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ» አሉት። «ቆንጆ ልጅ ነው። የማን ልጅ ነው?»

ወጣቱ መልስ አጣ። እሳቸው አልተቆጡም። ጉርድ ፎቶውን ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አውጥተው በጣታቸው ያሳዩት ጀመር። «ይቺ ቅንድቡ ላይ ያለችው፣ በስድስት ዓመቱ ደጃፍ ድንጋዩ ላይ ወድቆ ነው። ሲስቅ ደግሞ በግራ በኩል ነው የሚስቀው፤ አባቱም እንዲሁ ነበሩ።»

በማግስቱ ወጣቱ ያንኑ ጉርድ ፎቶ ፎቶ ቤት ወስዶ በትልቁ አሳጠበው። ስንጥቁ በመሐሉ ይታያል። ግድግዳቸው ላይ ያለው ግን ልጃቸው ነው።

ዮሐንስ ምዕራፍ 20ን ሳነብ የእናታችን ጥያቄ ይመጣብኛል። መግደላዊት ማርያም በመቃብሩ አጠገብ ጌታን ቆሞ አየችው፤ አላወቀችውምም። ስፍራው የአትክልት ቦታ ነው፤ ሰዓቱ ማለዳ ነው፤ የቆመው ወንድ ነው። አትክልተኛው መሰላት። እያንዳንዱ ምልክት ትክክል ነበር፤ ድምሩ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ያወቀችው በስሟ ሲጠራት ነው። እሷ ሳታውቀው በፊት እሱ ያውቃት ነበር።

ወገኖቼ፣ ሰውን በመግለጫ ለመለወጥ ማሽን አያስፈልገንም። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመን «ከዓረብ አገር የተመለሰችው»፣ «ባሏ የፈታት»፣ «ያ ሱሰኛው»፣ «ያ ሀብታሙ» እንባባላለን። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል። በዚያ ቃል በልባችን የምንሠራው ሰው ግን ሌላ ነው። እኛ ደግሞ ለዚያ ለሌላው ሰው እንጸልያለን፤ ያንን ሌላውን እንመክራለን፤ እውነተኛው ሰው ከአጠገባችን ተቀምጦ ሳይታይ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በኢሳይያስ 49፥15-16 ተረሳሁ ላለችው ጽዮን ጌታ ሲመልስ የሚያነሣው የእናትን ፍቅር ነው። ከእናትም ይልቅ የማይረሳ መሆኑን ይነግራታል፤ በመዳፎቹ ላይ እንደ ቀረጻትም ያስታውሳታል። ያቺ እናት የጠባሳውን ታሪክ ከነዓመቱ እንደ ያዙ፣ ጌታም ከነጠባሳችን ይዞናል። አሳምሮ ሌላ ሰው አያደርገንም፤ እኛኑ ያድናል።

ይህን የምታነቡና ጌታን ገና የማታውቁት ወዳጆች፣ ሰዎች በሰጧችሁ መግለጫ ስትኖሩ ዓመታት አልፈው ይሆናል። ወደ ክርስቶስ ለመምጣት ያንን መግለጫ ማሳመር አይጠበቅባችሁም። እሱ ስማችሁን ያውቃል።

ቅዱሳን ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ከአጥቢያችሁ በመግለጫ ብቻ የምታውቁትን አንድ ሰው አስቡ። ቤቱ ሂዱ፤ ቡና አብራችሁ ጠጡ፤ ታሪኩን ከራሱ አፍ ስሙ። ከዚያም በስሙ እየጠራችሁ ጸልዩለት።

ጌታ ይባርካችሁ።