የልጆቻችንን ድምፅ ስለ መስማት

ልጅን ዝም ማሰኘት ለአባት ቀላል ነገር ነው። ዝም ያለውን ልጅ እንደ ገና ማናገር ግን እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን በገዛ ቤታችን አይተነዋል። ስለዚህ ለሌሎች ወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን፣ ያፈርንበትንም ሳንሸሽግ፣ ነገሩን ለመጻፍ ወደድን።

ልጃችን በሰባት ዓመቱ ድስቱንም፣ ቈርቈሮውንም፣ የደረጃውንም ብረት በእንጨት እየመታ ድምፁን ማድመጥ ይወድ ነበር። አንድ ቀን እንግዶች ተቀምጠው ሳሉ ይህንኑ ቢያደርግ፣ ተቈጥተን እንጨቱን ከእጁ ነጥቀን ሰበርንና «አንተ ለጩኸት ብቻ የተፈጠርህ ነህ» አልነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ ብረት መምታቱን ተወ፤ ከእኛ ጋራ መጫወቱንም አብሮ ተወ። እንግዶቹ ጨዋነቱን አመሰገኑ፤ እኛም አንድ ሰሞን ደስ አለን።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2009 ዓ. ም. በነሐሴ ወር ለሥራ ወደ ለንደን ስንሄድ ልጁን ይዘነው ሄድን። በዚያም ራውንድ ሀውስ በሚባለው፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ለባቡር ማኖሪያ በተሠራው ክብ ሕንጻ ውስጥ እንግዳ የሆነ የሙዚቃ መሣሪያ ይታያል ሲባል ሰምተን ገባን። በአዳራሹ ውስጥ አንድ አሮጌ ኦርጋን ቆሟል፤ ከጀርባውም ብዙ ቱቦና ሽቦ ወጥቶ ወደ ሕንጻው ምሰሶዎችና ወደ ጣራው ተዘርግቷል። ጣት በአንዱ ቍልፍ ላይ ባረፈ ጊዜ ነፋስ በቱቦ ገብቶ እንደ ዋሽንት ያፏጫል፤ በሌላው ላይ ባረፈ ጊዜ መዶሻ የብረቱን ምሰሶ ይመታል፤ በሦስተኛው ላይ ባረፈ ጊዜ ደግሞ ሞተር ብረቱን እያንቀጠቀጠ ያስገመግመዋል። የድምፅ ማጉያ የለበትም፤ የሚያዜመው ሕንጻው ራሱ ነው።

ይህን ያሰበው ሰው ሚስተር ዴቪድ በርን ይባላል። በ1952 በእስኮትላንድ ተወልዶ በካናዳና በአሜሪካ አደገ። በ1975 በኒው ዮርክ ከጓደኞቹ ጋራ ቶኪንግ ሄድስ የተባለውን የሮክ ሙዚቃ ጓድ አቋቁሞ፣ ጊታር እየመታና እየዘፈነ ስሙ ተጠራ። በኋላም ወደ ሲኒማ ሥራ ገብቶ በ1986 ትሩ ስቶሪስ የተባለውን ፊልም፣ በ1989 ደግሞ በብራዚል አገር በባሂያ ስላለው የካንዶምብሌ እምነት የሚያሳይ ፊልም አዘጋጀ። ሕንጻን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ መጫወቱንም አስቀድሞ በ2005 በስቶክሆልም፣ በ2008 በኒው ዮርክ አሳይቶት ነበር።

እኛን ይልቁን የነካን ግን የልጅነቱ ታሪክ ነው። ተማሪ ሳለ ድምፅህ ከዜማው ይወጣል፣ ዓይን አፋርም ነህ ተብሎ ከመዘምራን ጋራ ሳይቀበሉት ቀሩ። አባቱ ግን የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ነበሩና የቤታቸውን የድምፅ መቅጃ አሻሽለው፣ ልጁ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እየደረበ ለመቅዳት እንዲችል አደረጉለት። ተማሪ ቤቱ የዘጋበትን በር አባቱ በቤት ከፈቱለት።

ኦርጋኑን ማንም ሰው ቀርቦ እንዲመታው ተፈቅዷል። ልጃችንም ቀረበ፤ ነገር ግን ከመንካቱ አስቀድሞ ዞሮ ፊታችንን ተመለከተ። ያ አመለካከቱ እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም፤ ቍጣ የሚጠብቅ ዓይን ነበርና። «ምታ፣ ልጄ» አልነው። ምሰሶው በጮኸ ጊዜ ሳቀ፤ ሳቁን ከሰማን ብዙ ወራት ሆኖን ነበር። ጥቂት ቈይቶም «አባባ፣ እርስዎም ይምቱ» አለን። ሰው ይስቅብናል ብለን እየፈራን ከአጠገቡ ተቀመጥን። ነገር ግን ያንን መሣሪያ አስቀድሞ የተማረው ማንም ስላልነበረ፣ በዚያ ወንበር ላይ አባትና ልጅ እኩል ጀማሪዎች ነበርን።

ወደ አዲስ አበባ በተመለስን ጊዜ ከእንጨት ሠራተኛ ዘንድ ሁለት በትር አሠርተን በእጁ ሰጠነው፤ ስለ ክፉ ቃላችንም ይቅርታ ጠየቅነው። ስለ ጎረቤት ሰላም ሰዓቱንና ስፍራውን ወሰንንለት።

ልጁ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ የሙዚቃ ሰው አልሆነም። ማታ ከሥራው ሲመለስ ግን የዋለበትን ሁሉ ሳንጠይቀው ይነግረናል። ስለዚህ አንባቢዎቻችን ከልጅ እጅ በትሩን ከመንጠቃቸው አስቀድሞ ጥቂት እንዲያደምጡ በትሕትና እናሳስባለን።