ጠባቂዋ ሚስትና እኛ ፈራጆቿ

ስለ አንድ የፍቅር ልብ ወለድ በዚህ መጽሔት ላይ ለመጻፍ ስነሣ፣ «ሌላ ቁም ነገር ጠፋና ነው?» የሚሉኝ ወንድሞችና እኅቶች እንደማይታጡ አውቃለሁ። ዳሩ ግን የምጽፈው ስለ መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ስለ እኛ ስለ አንባብያኑም ስለ ሆነ ጥቂት ታገሡኝ።

መጽሐፉ «የጊዜ መንገደኛው ሚስት» ይባላል። የደረሰችው ኦድሪ ኒፈኔገር የተባለች አሜሪካዊት ሠዓሊና ደራሲ ናት፤ የታተመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ሲሆን በ2009 ደግሞ ፊልም ሆኖ ወጥቷል። ወደ መኝታ ቤታችን የገባው ቅጂ ግን አንዷ ጓደኛችን ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ የገዛችው፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ነበር። ስድስት ሆነን በተራ ልናነበው፣ ያነበበችም ሁሉ ስሟን ሳትጽፍ አስተያየቷን በመጨረሻዎቹ ባዶ ገጾች ላይ በእርሳስ ልታሰፍር ተስማማን። የእጅ ጽሕፈታችንን ሁላችንም ስለምናውቀው የስሙ መደበቅ ለወጉ ያህል ነበር።

ላላነበበው ሰው ታሪኩን በአጭሩ ላውሳ። ሄንሪ በሺካጎ ከተማ በኒውቤሪ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራ ሰው ነው። አብሮት የተወለደ ደዌ አለበት፤ ሳያስበው ካለበት ቀን ተነጥቆ ወደ ሌላ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜም ወደ ኋላ ይጣላል። የለበሰው ልብስ እንኳ አብሮት ስለማይሄድ በደረሰበት ሁሉ ዕርቃኑን ነው፤ ለመልበስ ይሰርቃል፣ ለማምለጥ ይሮጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ያለፈውን ማየት እንጂ መለወጥ አለመቻሉ ነው። እናቱ በመኪና አደጋ የሞተችበትን ቀን ደጋግሞ ያያል፤ አንድም ጊዜ ሊያድናት አልቻለም።

ክሌር ይህን ሰው መጀመሪያ ያየችው በስድስት ዓመቷ፣ በሚሺጋን በወላጆቿ ቤት አጠገብ ባለው መስክ ላይ ነው። እሱ ያን ጊዜ 36 ዓመቱ ሲሆን፣ ከወደፊት ዘመን የመጣ ባሏ ነው። እሱ ግን በራሱ ዕድሜ አቆጣጠር ከእሷ ጋር የሚተዋወቀው በ28 ዓመቱ፣ እሷ 20 ሲሞላት ነው። በልጅነቷ የሚመጣባቸውን ቀኖች ዝርዝር ይሰጣታል፤ እሷም ልብስ ደብቃ ትጠብቀዋለች። ከተጋቡም በኋላ እሱ ይሰወራል፣ እሷ ትጠብቃለች።

የእኛም ክርክር በዚህ ላይ ነበር። የመጀመሪያይቱ አንባቢ «እንዲህ ያለ ፍቅር ካልሆነ ባል ለምኔ!» ብላ ጻፈች። ገጹ ላይ የእንባ ነጠብጣብ አለ ይባላል፤ እኔ ግን ሻይ ነው ባይ ነኝ። የሕግ ተማሪዋ በበኩሏ፣ «አንድ ጎልማሳ ወደ ሕፃን ልጅ በስውር እየተመላለሰ ልቧን ሲይዘው፣ ይህ ፍቅር ነው ወይስ ለራስ ሚስት ማሳደግ?» ስትል ጠየቀች። ሦስተኛይቱ «ምን ያድርግ፤ የሚሄድበትን እሱ አይመርጥም» ብላ ብትከላከልለት፣ የሕግ ተማሪዋ በኅዳጉ ላይ «እግሩን ባያዝዝ አፉን ያዝዛል» ብላ መለሰችላት። አራተኛይቱ ደግሞ ፍቅሩን ሁሉ ትታ፣ ሄንሪ የሚወጣውን ቁጥር አስቀድሞ አውቆ ሎተሪ ማሸነፉ ማጭበርበር መሆኑን በግማሽ ገጽ አስረዳች።

ተራው የእኔ ሲደርስ እንዲህ ስል ጻፍሁ፤ «ክሌር ሞኝ ናት። ዕድሜዋን በቀጠሮ ወረቀት ላይ አንጠልጥላ በር በር ስታይ የኖረች ሴት ፍቅረኛ ሳትሆን እስረኛ ናት። ለዚህ ዘመን ሴት ምሳሌ አትሆንም።» በጽሑፌ በጣም ስለ ተደሰትሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለጓደኞቼ አነበብሁላቸው።

ለዕረፍት ወደ ቤት ስሄድ መጽሐፉን ይዤ ሄድሁ። እታለም የምንላት ታላቅ እኅቴ አስተማሪ ናት። እጮኛዋ የዲቪ ዕጣ ደርሶት ወደ አሜሪካ ከሄደ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። ወረቀቱ ሲያልቅ ሊወስዳት ነበር፤ ወረቀቱም አላለቀም። እኛ ልንተኛ ስንል እሱ ሥራ ላይ ነው። የዚያ አገር ዘመን አቆጣጠር ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚቀድም፣ አባታችን «ያንቺ ሰው እኮ ከወደፊት ነው የሚደውልልሽ» እያለ ይቀልድባት ነበር። አሁን ቀልዱን ትቶታል።

እታለም መጽሐፉን በአራት ሌሊት ጨረሰችው። በማግሥቱ ቡና ስንጠጣ የመጨረሻውን ገጽ ከፍታ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችውና፣ «ይህ ያንቺ ጽሕፈት ነው፤ ፊደል ያስቆጠርሁሽ እኔ ነኝ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «የጻፍሽው ስለ ክሌር ነው ወይስ ስለ እኔ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ስለ መጽሐፉ ነው» አልሁ። ስጽፍ እኅቴን አላሰብኋትም ነበር፤ ስትጠይቀኝ ግን ያ ሁሉ ቁጣ በክሌር ላይ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ።

እሷ አልተቆጣችም። «ለመሆኑ ክሌር ቁጭ ብላ ጠበቀች ያለሽ ማነው?» አለችኝ። «ወረቀት በእጇ እያበጀች ጥበቧን ትሠራለች፤ ስንት ጊዜ አስወርዷት በመጨረሻ ልጅ ወልዳለች። እኔስ መቼ ቁጭ አልሁ? የሰው ልጅ አስተምራለሁ፣ እናታችንን አስታምማለሁ። መጠበቅ ሥራ መፍታት አይደለም።» ጥቂት ዝም ካለች በኋላም፣ «እኔ የቀናሁባት በሌላ ነው። እሷ ዝርዝሩ አላት፤ የሚመጣበት ቀን ተጽፎላታል» አለች። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ስኒዎቹን ሰብስቤ ለማጠብ ተነሣሁ።

ይህን ስል አስተያየቶች ሁሉ እኩል ናቸው፣ ሁሉም እንደ ቁስሉ ይናገር ማለቴ አይደለም። የሕግ ተማሪዋ ጥያቄ እንደ ተተከለ ነው፤ እታለምም ቢሆን ለስድስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ሸክም መስጠት ጥፋት ነው ትላለች። እኔም ቀኑን የሚያውቀውና ቀኑን የሚጠብቀው እኩል አይደሉም ከሚለው አሳቤ አልተመለስሁም። ሄንሪ ትቶላት በሞተው ደብዳቤ መጠበቋን እንድትተው ይመክራታል፤ እዚያው ደብዳቤ ላይ ግን በእርጅናዋ አንድ ጊዜ እንደሚገናኙ ይነግራታል። ታዲያ እንዴት አድርጋ ትተው? በ82 ዓመቷ እንኳ ስትጠብቀው እናገኛታለን። እኔ የተሳሳትሁት ጥፋቱን ከዝርዝሩ ሰጪ ላይ ትቼ በተቀባይዋ ላይ በመፍረዴ ነው። የሚጠብቅን ሰው ሞኝ ለማለት የሚፈጥነው ምንጊዜም ያልጠበቀ ነው።

ከቤት ከመውጣቴ በፊት «ክሌር ሞኝ ናት» የምትለዋን በላጲስ አጠፋኋት፤ የቀረውን ስለማምንበት ተውሁት። መጽሐፉን እታለም እንደገና ላንብበው ስላለች ለእሷ ትቼላት መጥቻለሁ። ስድስተኛይቱ ተረኛ መቼ ይመጣል እያለች ዕለት ዕለት ትጠይቀኛለች። ቀኑን አላውቀውምና እሷም ትንሽ ትጠብቅ፤ አስተያየቷን የምትጽፈው ከዚያ በኋላ ቢሆን ሳይሻል አይቀርም።