«ነኝ» ማለትን በጀርመንኛ ስማር

እናት የሆነችና ሥራ ያላት ሴት ከአርባ ዓመት ዕድሜ በኋላ ደብተር ገዝታ ከልጆቿ ጎን ለቤት ሥራ ስትቀመጥ ማየት በከተማችን እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ሰንብቷል። አንዷ ያቋረጠችውን ትምህርት ለመጨረስ፣ ሌላዋ በመሥሪያ ቤቷ የደረጃ ዕድገት ለማግኘት፣ ሌላዋም የልጆቿን ትምህርት ለመከታተል ትማራለች። እኔን ወደ ደብተርና እርሳስ የመለሰኝ ግን አንድ የጀርመንኛ ግስ ነው። ግሱ «ዛይን» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «መሆን» ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጆቼ አባት ኑሮውንና ሥራውን በጀርመን አገር ካደረገ አራት ዓመት አልፎታል። እኔና ሁለቱ ልጆቻችን ወደ እሱ ሄደን በአንድ ጣራ ሥር እንድንኖር ከሚጠየቁት ማስረጃዎች አንዱ የቋንቋ ምስክር ወረቀት ነው። የጀርመን ሕግ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2007 በተሻሻለ ጊዜ፣ ከውጭ አገር ወደ ባሏ የምትሄድ ሚስት ወይም ወደ ሚስቱ የሚሄድ ባል፣ ገና ከአገሩ ሳይነሣ ቀላል ጀርመንኛ መናገርና መጻፍ መቻሉን እንዲያስረዳ ተደንግጓል። የሚጠየቀው ደረጃ «ኤ 1» የሚባለው የመጀመሪያው ነው። በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መማር የማይችሉትን ጨምሮ ሕጉ ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚያደርጋቸው ሰዎች አሉ። የእኛ ጉዳይ ግን ከእነዚህ መካከል አልሆነም።

ፈተናው አራት ክፍሎች አሉት፤ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር። ለማለፍ ከ100 ነጥብ 60 ማግኘት ያስፈልጋል። በመናገሩ ክፍል ተፈታኞች አንድ ላይ ተቀምጠው ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ መኖሪያ፣ ቋንቋ፣ ሙያ በሚሉት ቃላት እየተመሩ በየተራ ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ። እንግዲህ ዕድሜዬ ይህን ያህል ነው ለማለት፣ ባለትዳር ነኝ ለማለት፣ ሙያዬ ይህ ነው ለማለት ከ«ዛይን» ማምለጫ የለም። ይህን ግስ ያልያዘ ሰው የራሱን ማንነት እንኳ መናገር አይችልም።

የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አላስቸገሩኝም። «ሌርነን» ማለት «መማር» ነው፤ «ኢሽ ሌርነ» እማራለሁ፣ «ዱ ሌርንስት» ትማሪያለሽ፣ «ኤር ሌርንት» ይማራል። የቃሉ ግንድ ሳይነካ መድረሻው ብቻ ይለዋወጣል። ይህ እኛም የለመድነው ነገር ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ግስ ሲያረባ «ቀተለ»ን ካወቀ በዚያው መልክ ሌሎቹን ማርባት አያቅተውም። ከዚያ ግን መምህራችን የ«ዛይን»ን እርባታ በሰሌዳው ላይ ጻፉልን።

«ኢሽ ቢን» እኔ ነኝ። «ዱ ቢስት» አንተ ነህ፤ ወይም አንቺ ነሽ። «ኤር ኢስት» እሱ ነው። «ዚ ኢስት» እሷ ናት። «ቪር ዚንት» እኛ ነን። «ኢር ዛይት» እናንተ ናችሁ። «ዚ ዚንት» እነሱ ናቸው። ያለፈውን ለመናገር ደግሞ «ቫር» ይመጣል፤ ከእሱም በላይ «ጌቬዘን» የሚባል አለ። በክፍሉ ያለነው ሴቶች እርስ በርሳችን ተያየን። «ቢን» ከ«ዚንት» ጋር፣ «ኢስት» ከ«ቫር» ጋር ምን ዝምድና አላቸው? የአንድ እናት ልጆች አይመስሉም።

ይህን ጥያቄ ይዤ የሄድኩት በሰፈራችን ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት መሐንዲስ ዘንድ ነው። እሳቸው በወጣትነታቸው፣ ጀርመን ለሁለት ተከፍላ በነበረበት ዘመን፣ በምሥራቁ ክፍል ከተማሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ቋንቋውን የተማሩት በላይፕዚግ ከተማ በሄርደር ኢንስቲትዩት ነው። ያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1990 ከምዕራቡ ጋር ሲዋሐድ ቢያከትምም፣ ጋሼ ግን ጀርመንኛቸውን እስከ ዛሬ አልረሱትም።

«መጀመሪያ አንቺ የራስሽን አርቢልኝ» አሉኝ ፈገግ ብለው።

«ነኝ፣ ነህ፣ ነሽ፣ ነው፣ ናት፣ ነን፣ ናችሁ፣ ናቸው» አልኩ።

«ትናንትናስ?»

«ነበርኩ።»

«የነገውስ?»

«እሆናለሁ።»

«ካልሆንሽስ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ‹ነኝ›፣ ‹እሆናለሁ› እና ‹አይደለሁም› የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ? ‹መጣ› እና ‹ይመጣል› እንላለን፤ ልጅ ስንጠራ ግን ‹ና› እንጂ ‹ምጣ› አንልም። ይህን ማን አስተማረሽ? ከእናትሽ አፍ ሰምተሽ ያደግሽው ስለሆነ ነው ያልከበደሽ። የጀርመን ልጅም ‹ቢን›ና ‹ኢስት›ን የተማረው እንዲሁ ነው» አሉኝ።

ቀጥለውም ምክንያቱን አስረዱኝ። «ዛይን» ከሦስት ጥንታዊ ግሶች ተጣምሮ የቆመ ነው። «ኢስት»ና «ዚንት» ከአንዱ፣ «ቢን»ና «ቢስት» ከሌላው፣ «ቫር»ና «ጌቬዘን» ከሦስተኛው የመጡ ናቸው። ሦስቱ የተለያዩ ግሶች በዘመናት ውስጥ ሥራ ተከፋፍለው እንደ አንድ ግስ ይነገሩ ጀመር። እንዲህ ያለው አመለኛ ግስ ለምን አልተስተካከለም ቢባል፣ መልሱ ሰው ከአፉ ስለማይለየው ነው። ሁልጊዜ የሚቆርጡበት ቢላዋ እንደማይዝግ ሁሉ፣ በየቀኑ የሚነገር ቃልም የጥንት መልኩን ይዞ ይኖራል። ጥቂት ጊዜ የሚነገረው ግን አሮጌው መልኩ እየተረሳ እንደ ብዙዎቹ ይረባል። ለዚህ የሰጡኝ ምሳሌ ከማዕድ ቤት ነው። «ባከን» ማለት ዳቦ መጋገር ነው፤ ያለፈው ጊዜ ቀድሞ «ቡክ» ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛው ሰው «ባክተ» ይላል።

ከዚህ ውይይት በኋላ ግሱ ጠላት መስሎ አልታየኝም። ሆኖም መረዳት አንድ ነገር ነው፤ ምላስን ማለማመድ ደግሞ ሌላ። ጠዋት ልጆች አድርሼ፣ ቀን መሥሪያ ቤት ውዬ፣ ማታ ራት ሠርቼ የሚተርፈኝ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ከቤት ሥራው ጋር አዋሐድኩት። ሰባት ቁራጭ ወረቀት ቆርጬ በቤቱ ውስጥ ለጠፍኩ። «ኢሽ ቢን» የሚለው መስተዋቱ ላይ፣ «ዱ ቢስት» በትንሿ ልጄ አልጋ ራስጌ፣ «ኤር ኢስት» በአባታቸው ፎቶግራፍ ሥር፣ «ዚ ኢስት» እናቴ በምትቀመጥበት ወንበር ጀርባ፣ «ኢር ዛይት» በልጆቹ መኝታ ቤት በር፣ «ዚ ዚንት» በውጭው በር፣ «ቪር ዚንት» ደግሞ ሁላችን በምንሰበሰብበት በምግቡ ጠረጴዛ በላይ ተለጠፈ። በአንዱ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሠርቼ ድምፄን አሰማለሁ። ልጆቹም ከእኔ ቀድመው ያዙት። ማታ ከሥራ ስገባ ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ ቢስት ዱ ሙደ?» ትለኛለች፤ ደክሞሻል ወይ ማለቷ ነው።

ይህች አጭር ጥያቄ ብቻዋን ብዙ ታስተምራለች። እኛ «ደከመኝ» ስንል ድካሙ መጥቶ እንደያዘን አድርገን ነው የምንናገረው። ጀርመን ግን «ደካማ ነኝ» እንደማለት አድርጎ በ«ዛይን» ይናገረዋል። «ራበኝ» የምንለውን ደግሞ «ኢሽ ሃበ ሁንገር»፣ «ረሃብ አለኝ» ይላል። በእኛ ቋንቋ «ነኝ» የሚለው ሲነገር «እኔ» ማለት አያስፈልግም፤ ባለቤቱ በግሱ ውስጥ አለ። በእነሱ ዘንድ ግን «ኢሽ» ካልተባለ ዓረፍተ ነገሩ ጎዶሎ ነው። እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን፤ እነሱ በተራ አነጋገር ሁለተኛ ቦታ ላይ ያኖሩታል፤ እንደ ልጄ ዓይነት ጥያቄ ሲጠይቁ ደግሞ ወደ ፊት ያመጡታል። ስለዚህ የአማርኛውን ሐሳብ ቃል በቃል እየገለበጡ ከመሄድ ይልቅ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ማጥናቱ ይሻላል።

ደስ ያሰኘኝ ደግሞ የአክብሮቱ ነገር ነው። ጀርመኖች ለወንድና ለሴት ሳይለዩ ለልጅ፣ ለወዳጅና ለቤተ ዘመድ «ዱ» ይላሉ። ለማያውቁት ሰው፣ ለሐኪም፣ ለመሥሪያ ቤት ሹም ግን እንደ እኛ «እርስዎ» ሁሉ «ዚ» የሚል ቃል አላቸው። ግሱም እንደ ብዙ ሰው ሆኖ «ዚ ዚንት» ተብሎ ይነገራል፤ እኛም አንድ አዛውንትን «እሳቸው ናቸው» እንደምንለው ማለት ነው። በጽሑፍ ጊዜ የአክብሮቱ «ዚ» በትልቁ ፊደል ይጀምራል። በጆሮ ግን «እሷ»ም፣ «እነሱ»ም፣ «እርስዎ»ም ሁሉም «ዚ» ነው። «እሷ»ን ከሌሎቹ የሚለየው የሚከተለው ግስ ነው። «ዚ ኢስት» ከተባለ እሷ ናት፤ «ዚ ዚንት» ከተባለ እነሱ ወይም እርስዎ። አክብሮትን በቋንቋ ውስጥ እየሰማን ላደግን ለእኛ ይህ ሩቅ ትምህርት አይደለም።

ይህን ሁሉ ስማር፣ በዚሁ መንገድ ከወዲያ ወደዚህ የተጓዘ ሰው እንደነበረ አወቅሁ። ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን አገር ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው ስለ አገራቸውና ስለ ቋንቋዎቿ አስተማሩት። ሉዶልፍም በእርጅናው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1698፣ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ በፍራንክፈርት አሳተመ። «ነኝ፣ ነህ፣ ነሽ» እያለ የኛን አመለኛ ግስ የመረመረ ጀርመናዊ ከ300 ዓመት በፊት ከነበረ፣ እኔ «ቢን፣ ቢስት፣ ኢስት» ብል ምን ያስደንቃል?

እንዲህ ስል ግን ነገሩ ለሁሉም ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። የትምህርቱ ክፍያ፣ የፈተናው ክፍያ፣ የትራንስፖርቱ ወጪ ለደመወዝተኛ እናት ይከብዳል። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሰች እህት ደግሞ መጀመሪያ የላቲኑን ፊደል መቁጠር አለባት። ባልና ሚስትን ለማገናኘት ይህን ያህል መጠየቁ ይበዛል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አስተያየታቸው ምክንያት የለውም አልልም። ልጆች አባታቸውን በስልክ መስኮት ብቻ እያዩ ሲያድጉ ለማየት የተገደደች እናት ይህ ስሜት ይገባታል።

ነገር ግን የምስክር ወረቀቱን ትተን ቋንቋውን ብቻውን ብናየው፣ ለሴት የሚሰጠው ጥቅም ከቪዛም ይበልጣል። በሰው አገር ሐኪም ፊት ቀርባ «ኢሽ ቢን ክራንክ»፣ ታምሜአለሁ፣ ወይም «ኢሽ ቢን ሽቫንገር»፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ማለት የማትችል ሴት የገመናዋን ጉዳይ በባሏ ወይም በልጇ አፍ ልታስነግር ነው። ለልጅም ከባድ ሸክም ነው፤ ለእናትም ነፃነት ማጣት ነው። እዚያ ከደረሱ በኋላ አጠቃላዩ የውህደት ትምህርት ለቋንቋ 600፣ ስለ አገሩ ሕግና አኗኗር ደግሞ 100 ክፍለ ጊዜ ይመደብለታል። በዚያ ለመጠቀም ግን ከወዲሁ መነሻ ይዞ መሄድ ይበጃል።

ልቤ በደከመ ጊዜ የምታበረታኝ እናቴ ናት። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ሰፈራቸው በደረሰ ጊዜ፣ እኔን በአንቀልባ አዝላ ማታ ማታ እየሄደች ነው ፊደል የቆጠረችው። «እኔ በዚያ ዕድሜዬ ስሜን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከጣት አሻራ ግን ተገላገልኩ» ትላለች። አሁን በተቀመጠችበት ወንበር ጀርባ ያለውን ወረቀት እየጠቆመች «የእኔስ የትኛው ነው?» ስትል ትጠይቀኛለች። «ዚ ኢስት» እላታለሁ፤ እሷ ናት። ይህን ቃል ስናገር ደስታ ብቻ አይሰማኝም። «ቪር ዚንት»፣ እኛ ነን፣ በሚለው ውስጥ እናቴን ጨምሬ መቁጠር ለምጃለሁ። የቪዛው ማመልከቻ የሚቆጥረው ግን እኔንና ሁለቱን ልጆች ብቻ ነው። አንዱን ቤተሰብ ለመጠገን ስንነሣ ሌላውን ከፍለን መሄዳችንን የትኛውም የሰዋስው መጽሐፍ አያስተካክለውም።

ፈተናዬ በመጪው ወር ነው። በተመሳሳይ ጉዳይ ላይ ላላችሁ እህቶች የምመክረው ጥቂት ነው። የግሱን እርባታ እንደ ጸሎት በቃል ብቻ አትሸምድዱት፤ እያንዳንዱን መልክ ከምታውቁት ሰው ጋር አያይዙት። ድምፃችሁን አውጥታችሁ ተናገሩ። ልጆቻችሁን አሳትፉ። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ማጥናት በሳምንት አንድ ቀን ሲለፉ ከመዋል ይበልጣል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና። ማስረጃ ከማሰባሰባችሁ በፊትም ሕጉ እናንተን ነፃ ያደርግ እንደሆነ ኤምባሲውን ጠይቁ። ከሁሉም በላይ በቤታችሁ የሚቀሩትን አረጋውያን ማን እንደሚጦራቸው ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ይህን ጉዳይ እኔና ወንድሞቼ ባለፈው እሑድ ማታ አንሥተነዋል፤ ገና አልጨረስነውም።