የዓረብ ሱቅ ዘመን

ከአብዮቱ በፊት በነበረችው አዲስ አበባ የውጭ ሰው በሙያው ነበር የሚታወቀው። አርመኑ ወርቅ ይሠራል፣ ጫማ ይሰፋል። ግሪኩ ግሮሰሪ ከፍቷል። ዓረቡ ደግሞ በየሰፈሩ ማዕዘን ላይ ሱቅ አለው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች እንኳ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባዎች ቢሆኑም ከተማው የሚያስታውሳቸው በመለከታቸው ነው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የአገሩን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። መንግሥት በእጁ ሙያ ይዞ የመጣውን ሰው መቀበል ያውቅበት ነበር።

ዓረብ የምንላቸው ግን በአብዛኛው የመኖች ነበሩ፤ የጋበዛቸው ንጉሥም አልነበረም። የእኛ ሰፈሩ ሽርጡን አገልድሞ ከባንኮኒው ጀርባ ይቀመጣል። ከሰዓት በኋላ ጉንጩ በጫት ያብጣል። ስኳሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ጫፉን እጥፍ ሲያደርግ አንዲት ፍሬ አታመልጠውም። ላምባ በጠርሙስ ይቀዳል፤ ለተላከ ልጅ አንድ ከረሜላ ይመርቃል። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ስለሚል፣ «እማማ፣ አንተ ምን ፈለገ?» እያልን ከበሩ ውጭ ቆመን እናስቀው ነበር። እናስቀው ነበር አልኩ እንጂ፣ በእርግጥ እናሾፍበት ነበር።

ትልቁ ነገር የዱቤው መዝገብ ነው። የሚጻፈው በዓረብኛ ነው። አማርኛ ማንበብ የማትችለው እናቴ ያንን ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ ጽሑፍ ታምነው ነበር። ደመወዝ ሲወጣ ጣቱን በገጹ ላይ እየሳበ ድምሩን ይነግራታል፣ እሷም ትከፍላለች። ተጨቃጭቀው አላውቅም።

ዛሬ እኩዮቼ ተሰብስበን ያንን ጊዜ ስናነሳ፣ «ያኔ ሕዝቡ እንግዳ ወዳድ ነበር» ይባላል። እኔ ይህን ያህል እርግጠኛ አይደለሁም። ይወደድ የነበረው ዱቤው ይመስለኛል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ፣ ንግዱም ሲጠብ፣ ብዙዎቹ ሱቃቸውን እየዘጉ ወደ የመንና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄዱ። የእኛም ሄደ። ሰፈሩ አዘነለት፤ የዱቤው መዝገብ አብሮት በመሄዱ የተከፋ ሰው ግን አላስታውስም። ሱቁን ጉራጌ ያዘው፣ ኑሮም ቀጠለ።

ከባንኮኒው ወዲያ ምን እንደነበረ የጻፈው መሐመድ አብዱልወሊ ነው። አባቱ የመናዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። በዓረብኛ በጻፈው «ባዕድ ሆነው ይሞታሉ» በተሰኘው ልቦለድ ውስጥ ስድስት ኪሎ የሚነግድ አንድ ባለሱቅ አለ፤ በአገር ቤት ለሚያሠራው ቤት ገንዘብ እየላከ፣ ቤቱን ሳያየው እዚሁ ይሞታል። ይህን ታሪክ ለማንበብ ዓረብ መሆን አያስፈልግም። ዛሬ ቤይሩትና ሪያድ በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆቻችን ለወላጅ ቆርቆሮ ቤት የሚልኩት ገንዘብ እንደዚያው ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስታባርር፣ በእኛ ቤት ለቅሶ ነበር።

በዓመቱ የየመን ጦርነት ተቀጣጠለና የሸሹት ወደዚህም መጡ። ከመጡት መካከል እናታቸው ወይም አያታቸው ሐበሻ የሆኑ አሉበት። አቅም ያለው ቦሌ አካባቢ ማንዲ ቤት ከፈተ፤ እሱን ወደድነው፣ ምግቡ ይጣፍጣል። የሌለው ልጁን ታቅፎ መስጊድ ደጃፍ ተቀመጠ። ለብዙ ዘመን ስደተኛ በሕግ ሠርቶ የሚበላበት መንገድ ጠባብ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ፈቀደለት፤ ሆኖም የአዋጅ ፈቃድና የቀበሌ መስኮት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የድሮው ዓረብ ማንንም ሳያስፈቅድ ማለዳ ሱቁን የሚከፍት ሰው ነበር። ያሁኑ ወረቀቱን ይዞ ይጠብቃል፤ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ለሰፈሩ የሚሸጠው ነገር የለውም፣ ስለዚህ ሰፈሩ አያውቀውም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሱዳኖች መጡ፤ ኤርትራውያኑም ቀድሞውኑ ነበሩ። አሁን የሚነሳው ወሬ የቤት ኪራይ ነው። አንድ ባለ ፎቅ ጎረቤቴ ሰሞኑን፣ «ኪራዩን ሰማይ የሰቀሉት እነዚህ ስደተኞች ናቸው፣ መንግሥት አንድ ነገር ሊላቸው ይገባል» አለኝ። እሱ ቤት የተከራዩት እነማን እንደሆኑ ጠየቅሁት።

«ሱዳኖች ናቸው» አለኝ። «ከሐበሻ ይሻላሉ። ስድስት ወር በቅድሚያ ይከፍላሉ።»